አንድ ጎማ፣ ሦስት ኩሽኔታ፦ ላንድክሩዘሩ ለምን ኩሽኔታ ይበላል?

ዛሬ ከፖለቲካውም ከኳሱም ዞር ብለን ጋራዥ እንግባ።

ጉዳዩ ይሄ ነው። የላንድክሩዘር የፊት ጎማ መጮህ ይጀምራል። መኪናው ጋራዥ ይገባል፣ ኩሽኔታ ይቀየራል፣ ይወጣል። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ጎማ ደግሞ ይጮሃል። እንደገና ይቀየራል። ክረምቱ ሳይወጣ ሦስተኛው ኩሽኔታም ተበልቶ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ጭቅጭቅ ነው። ባለንብረቱ የሹፌሩን አነዳድ ይወቅሳል፣ ሹፌሩ መካኒኩን፣ መካኒኩ ደግሞ ዕቃው ፎርጅድ ነው ብሎ ሻጩን። ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው አቅም የሌለው ነው፤ ከሹፌሩ ደሞዝ ይቆረጣል።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በየወረዳው ከሚሠሩት አምቡላንሶች ብዙዎቹ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ናቸው። ምጥ የያዛት እናት ጭኖ በሌሊት ጠጠር መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ኩሽኔታው ተሰባብሮ ጎማው ሲነክስ ምን እንደሚሆን አስቡት። ባሰ ቀን ጎማው ከነተሸከመው ብረት እስከመውለቅ ይደርሳል። ስለዚህ «ቀይረው ሂድ» የሚለው መፍትሔ አይደለም።

እኛ የምንለው አጭር ነው፦ በአንድ ቦታ ላይ ኩሽኔታ ደጋግሞ ከተበላ ጥፋቱ ያለው ከኩሽኔታው ውጪ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ኩሽኔታው ሟች ነው። ገዳዩን መፈለግ ነው ሥራው።

መጀመሪያ፣ ውስጡ ምን አለ?

የምናወራው ስለ 70 ሲሪየስ ላንድክሩዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚመረተው፣ እኛ ሃርድቶፕና ፒክአፕ የምንለው። የፊት አክስሉ አንድ ወጥ ብረት ነው። ጎማው የሚታሰርበት ክብ ብረት ሀብ ይባላል። ሀብ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ አለ፣ አንዱ ከውስጥ በኩል፣ አንዱ ከውጭ በኩል። ሁለቱም ጫፋቸው ጠበብ ያለ ሮለር ያላቸው ናቸው፤ ፊታቸውን አዙረው ተቃራኒ ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ከግራ የሚመጣውን ግፊት ሲይዝ ሌላው ከቀኝ የሚመጣውን ይይዛል፤ የመኪናውን ክብደት ደግሞ አብረው ይሸከማሉ።

የኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ሀቡ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል። የውስጥ ቀለበቱ ከነሮለሩ ስፒንድል የሚባለው የማይዞር የብረት አንገት ላይ ይቀመጣል። ጫፉ ላይ አንድ ዳዶ አለ፤ እሱ ነው ኩሽኔታዎቹ ምን ያህል ጠበቅ እንደሚሉ የሚወስነው። ከዚያ ሮንዴላ፣ ከዚያ ደግሞ የሚቆልፈው ሁለተኛ ዳዶ። ከኋላ በኩል ግራሶ እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክል የላስቲክ ሲል አለ።

ይሄን ያዙልኝ፤ ቀሪው በሙሉ ከዚህ ነው የሚወጣው።

ከመፍታታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ስልካችሁን አንሱና ማስታወሻ ላይ ጻፉ።

አንደኛ፣ የትኛው ጎማ ነው? ሁሌም ያው ጎማ ከሆነ ችግሩ እዚያው ጎማ ላይ ነው፤ የተበላ ስፒንድል፣ የላላ ሀብ፣ የሚይዝ ፍሬን፣ የተቀደደ ሲል። ዛሬ የግራው፣ በሚቀጥለው የቀኙ ከሆነ ግን ችግሩ አሠራር ላይ ነው፤ አጠባበቁ፣ ግራሶው፣ ዕቃው፣ ጭነቱ ወይም መኪናው የሚገባበት ውሃ።

ሁለተኛ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ የሞተ ኩሽኔታ አብዛኛውን ጊዜ ሲገጠም ነው የተጎዳው። ወራት ቆይቶ፣ በተለይ ከክረምት በኋላ የሞተ ከሆነ ውሃን ጠርጥሩ።

ሦስተኛ፣ ከመጮሁ በፊት ምን ሆነ? ወንዝ ተሻገረ? ትልቅ ጉድጓድ ገባ? ፍሬን ተሠራ? ሰፋ ያለ ጎማ ተገጠመ?

ድምፁ በእርግጥ የኩሽኔታ ነው?

ብዙ ጤነኛ ኩሽኔታ በስህተት ተቀይሯል። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ በራሱ ያጉረመርማል። አስፋልቱ ሲቀየር ድምፁም ከተቀየረ ጎማውን ጠርጥሩ። የፊቱንና የኋላውን ጎማ አቀያይሩ፤ ድምፁ ጎማውን ተከትሎ ከሄደ ኩሽኔታው ንጹሕ ነው።

የኩሽኔታ ድምፅ ከፍጥነት ጋር ይጨምራል። ባዶና ሰፊ መንገድ ላይ መሪውን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ ስታዞሩ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል። ያኔ ጩኸቱ ከባሰ የቀኙን፣ ወደ ቀኝ ስታዞሩ ከባሰ ደግሞ የግራውን ተመልከቱ።

ቀጥሎ መኪናውን በክሪክ አንሱ። የቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ያዙ፣ መደገፊያ አስገቡ፤ በክሪክ ብቻ ቆሞ ባለ መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ። የሚንቀጠቀጥ ነገር ከተሰማችሁ ወዲያው «ኩሽኔታ ነው» አትበሉ። አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፣ እናንተ ደግማችሁ ሞክሩ። ፍሬኑ ተረግጦ እንቅስቃሴው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ላልቷል። ፍሬን ተረግጦም ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያሉት ሌሎቹ ኩሽኔታዎች ጋ ነው። ላንድክሩዘር ላይ ይሄ በጣም ይምታታል። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስታነቃንቁት ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ የመሪ ጫፎቹን እዩ።

ሙቀትም ይናገራል። ትንሽ ነድታችሁ ስትቆሙ የግራና የቀኙን ሀብ አወዳድሩ። በእጃችሁ አትንኩት፣ ያቃጥላል፤ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ውሃ ጣሉበት። አንዱ ላይ ውሃው ዝም ብሎ ሲፈስ ሌላው ላይ ጭስስ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

የተበላው ኩሽኔታ ይናገራል

ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። አሮጌው ይወጣል፣ ቆሻሻ መጣያ ይገባል፣ አዲሱ ይገጠማል። ማስረጃው ተጣለ ማለት ነው።

አሮጌውን ጠይቁና ውሰዱ። ከመታጠቡ በፊት ግራሶውን ፎቶ አንሱ። ከዚያ በናፍጣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ሮለሩንም የውጭ ቀለበቱንም በቅርበት አንሱ። በነገራችን ላይ በኮምፕሬሰር አየር እያዞራችሁ አታድርቁት፤ በፍጥነት ሲሽከረከር ሊበታተንና ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ምን እናያለን?

ግራሶው ነጣ ብሎ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ሮለሮቹ በተቀመጡበት ልክ ቀለበቱ ላይ የዝገት መስመር ካለም ውሃ ነው፤ መኪናው ውሃ ከጠጣ በኋላ ቆሞ ከርሟል።

ብረቱ ሰማያዊ ወይም የገለባ ቀለም ከያዘ በሙቀት ተቃጥሏል። ወይ ከልክ በላይ ጠብቋል፣ ወይ ግራሶ አልነበረውም፣ ወይ ፍሬኑ ይይዛል።

ፊቱ ደብዝዞ፣ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቶ ከተገኘ አሸዋና አቧራ ነው። አንዳንዴ አቧራው የገባው መንገድ ላይ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ የግራሶ ጣሳ ነው።

በሮለሮቹ ርቀት ልክ ተራ በተራ የተደረደረ ጎድጎድ ያለ ምልክት ካለ ኃይለኛ ምት አርፎበታል፤ ወይ ጉድጓድ፣ ወይ የመዶሻ ሥራ።

ብረቱ እንደ ልጣጭ ከተቀረፈ ተሸክሞ ደክሟል ማለት ነው። ብዙ ሠርቶ ከሆነ ዕድሜው ነው፤ በአጭር ጊዜ ከሆነ ግን ጭነት በዝቶበታል ወይም በጣም ጠብቋል። የተቀረፈው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ደግሞ የሆነ ነገር ተጣሟል፤ ቀለበቱ ቀጥ ብሎ አልገባም ወይም ስፒንድሉ ታጥፏል።

እንግዲህ ገዳዮቹ

1. አጠባበቅ። አንደኛው ተጠርጣሪ ይሄ ነው። ዳዶው ትልቅ ነው፣ 54 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉ የሌለው ጋራዥ በመሮና በመዶሻ እየመታ ያጠብቀዋል። በመሮ ልክ ማወቅ አይቻልም፤ ወይ ይላላል፣ ወይ ይታነቃል። የላላው ሮለሩ እየተንገጫገጨ ቀለበቱን ይመታዋል፣ የታነቀው ይቃጠላል።

2. ውሃ። ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። መኪናው ረጅም መንገድ ነድቶ ሀቡ ግሎ እያለ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ውስጡ ያለው አየር ድንገት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ወደ ውስጥ ይስባል። ሲሉ ትንሽ እንኳ ካረጀ ውሃ ተስቦ ይገባል። ኦሞ ሸለቆ ውስጥ በክረምት ሞልቶ የሚወርድ ወንዝ የሚሻገር መኪና ይሄን በየሳምንቱ ያደርገዋል። አፋር ውስጥ የአሳሌን ጨው ሜዳ የሚረግጠውማ ባሰ፤ ጨዋማ ውሃ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ከተቻለ ከወንዙ በፊት ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ነው። ውሃው ሀቡን ካለፈው ደግሞ ቀጣዩን ሰርቪስ ሳትጠብቁ ከፍቶ ግራሶውን ማየት።

3. ከአክስሉ የሚመጣ ዘይት። አክስሉ ውስጥ ያለው የዲፈረንሻል ዘይት በራሱ ሲል ነው የሚታገደው። ያ ሲል ሲያልቅ ዘይቱ ጎማው የሚታጠፍበት ክብ ቤት ውስጥ ካለው ጥቁር ግራሶ ጋር ተቀላቅሎ ሾርባ ይሆናል። ከዚያ በስፒንድሉ በኩል አልፎ ሀቡ ውስጥ ይገባና የኩሽኔታውን ግራሶ ያቀልጠዋል። ኩሽኔታውን አሥር ጊዜ ብትቀይሩ ይሄ ሲል ካልተቀየረ ያው ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ከጎማው ጀርባ ያለው ክብ ብረት በቀጭን ጥቁር ዘይት ይርሳል።

አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እንሂድ። ሲሉስ ለምን አለቀ? አክስሉ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች። ጭቃ ሲደፍናት የጋለው አየር መውጫ ያጣና ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። ትንሽዬ የተደፈነች መተንፈሻ ሦስት ኩሽኔታ ልትበላ ትችላለች። ማጽዳቷ ደግሞ ደቂቃ አይፈጅም።

4. የሚይዝ ፍሬን። የፍሬኑ ፒስተን ዝጎ ካልተመለሰ ሸራው ዲስኩን ሁሌ ያሻሸዋል። ሙቀቱ ወደ ሀቡ ይሄዳል፣ ግራሶው ይቀልጣል። ጎማውን አንስታችሁ በእጅ ስታዞሩት ከሌላኛው ይበልጥ ከከበደ፣ ወይም ሸራው ከሌላኛው ጎማ ቶሎ ካለቀ እዚህ ጋ ፈልጉ።

5. የተበላ ስፒንድል ወይም ሀብ። አንዴ ኩሽኔታ ነክሶ ከዞረ ስፒንድሉን ይፍቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚገባ አዲስ ኩሽኔታ ልኩን አያገኝም። የውጭ ቀለበቱ በጣት ተገፍቶ ሀቡ ውስጥ ከገባ ሀቡ አልቋል፤ መዶሻ ወይም ፕሬስ ካልፈለገ ጥሩ አይደለም። እዚያ ላይ በመሮ ነጥብ ነጥብ እየመቱ ማጥበቅ ወይም ከስር ቆርቆሮ ማስገባት መፍትሔ አይደለም። ሀቡ ይቀየራል። «ሁሌም ያው ጎማ» ለሚል ሰው አብዛኛው መልስ እዚህና ተራ ቁጥር 4 ላይ ነው።

6. ጎማና ጭነት። ሰፋ ያለ ጎማ፣ ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ወይም ስፔሰር መኪናውን ያሳምረዋል። ግን ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና እንደ ረጅም ማንሻ ብረት ይበዛል። ላዩ ላይ የተቆለለ በርሜልና ድንኳን ሲጨመር ደግሞ ሌላ ነው።

7. ዕቃው። ፎርጅድ ኩሽኔታ በዓለም ላይ በእርግጥ አለ፣ መካኒኩ ሁሌ እያመካኘ አይደለም። ካርቶኑ ብቻ ሳይሆን ቀለበቱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ስም ጥርት ያለና ከካርቶኑ ጋር የሚገጥም መሆኑን እዩ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ጠይቁ። የኤስኬኤፍ ከሆነ ኩባንያው «ኤስኬኤፍ ኦተንቲኬት» የሚባል የስልክ አፕ አለው፤ በአፑ ፎቶ አንስታችሁ ስትልኩ የኩባንያው ሰዎች አይተው ያጣራሉ። ሶማሌ ተራም ግዙ ሌላ ቦታ፣ ደረሰኝ ያዙ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ የውጭ ቀለበት ላይ መግጠም ጥሩውን ዕቃ በራስ እጅ ፎርጅድ ማድረግ ነው። ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ።

በትክክል ሲገጠም ምን ይመስላል?

ይሄን ክፍል መካኒክ እንድትሆኑበት አይደለም የጻፍነው፤ መኪናችሁ ሲሠራ አጠገቡ ቆማችሁ ምን እንደምታዩ እንድታውቁ ነው።

ሀቡ ውስጥ ያለው አሮጌ ግራሶ በሙሉ ይጠረጋል፣ ይታጠባል። የውጭ ቀለበቱ ቀጥ ብሎ እስከ ታች ይገባል፤ መጨረሻ ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል። አዲሱ ኩሽኔታ ውስጥ ግራሶ በመዳፍ እየተገፋ በሌላው ጎን እስኪወጣ ድረስ ይሞላል። ላዩን ቀባ ቀባ ማድረግ አይበቃም። የተለያየ ዓይነት ግራሶ አይቀላቀልም፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ይቀጥናሉ። ሲሉ ሁሌም አዲስ ይሆናል።

አጠባበቁ ደግሞ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዳዶው በቶርክ ቁልፍ ወደ 60 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ሀቡ ወዲያና ወዲህ ይዞራል፣ ሮለሮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። ድጋሚ ይጠብቃል። ከዚያ በእጅ እስኪዞር ይላላና በስሱ ይጠብቃል።

አሁን መለኪያው ይመጣል። የሚንጠለጠል የስፕሪንግ ሚዛን አንዱ የጎማ ቡሎን ላይ ይታሰርና ሀቡ መዞር እስኪጀምር ይሳባል። የዚህ ዓይነት አክስል ባላቸው ላንድክሩዘሮች ማንዋል ላይ ንባቡ በግምት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ተኩል መሆን አለበት፤ የራሳችሁን ሞዴል ማንዋል አይታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ሮንዴላውና የሚቆልፈው ዳዶ ይገባሉ። እዚህ ጋ ብዙዎች ይረሳሉ፦ ሁለተኛው ዳዶ ሲጠብቅ የመጀመሪያውን ስለሚገፋው ልኩ ይቀየራል። ስለዚህ ሚዛኑ ደግሞ ይሳባል። በመጨረሻ የሮንዴላው ጥርስ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ ታጥፎ ዳዶዎቹን ይቆልፋል። ትንሽ ከተነዳ በኋላ ጎማው ተነስቶ እንደገና ይታያል።

የሚንጠለጠል ሚዛን ውድ ዕቃ አይደለም። ሦስት ኩሽኔታ ከመግዛት ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት ነው።

መኪናዬ ሃርድቶፕ ካልሆነስ?

አዲሶቹ ሃይሉክሶችና ቪ8 የሚባሉት ላንድክሩዘሮች የፊት ኩሽኔታቸው እንዲህ በዳዶ የሚስተካከል አይደለም፤ የተዘጋ ሙሉ ዕቃ ነው። እዚያ ላይ የሚገድለው ሌላ ነው፦ ሲገባ በተሳሳተው ቀለበት በኩል ከተገፋ ወይም በመዶሻ ከተመታ ገና ሳይነዳ ተጎድቷል። ፕሬስ የሌለው ጋራዥ ጋ ይሄን ሥራ አትስጡ። ውሃ፣ ፍሬን፣ ሰፊ ጎማና ፎርጅድ ዕቃ ግን ለሁሉም እኩል ናቸው።

ለባለንብረቶችና ለሹፌሮች

ከዚህ በኋላ ኩሽኔታ ሲበላ መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ «ማን ነው ጥፋተኛው?» መሆን የለበትም። «አሮጌው የት አለ?» ይሁን። ወተት የመሰለ ግራሶ የወንዝና የሲል ጉዳይ ነው። የተቃጠለ ብረት የአጠባበቅ ወይም የፍሬን ጉዳይ ነው። በጣት የሚገባ ቀለበት ያረጀ ሀብ ነው፤ ሹፌር ሀብ አይፍቅም። ከነዚህ ውስጥ በአነዳድ የሚመጣው ጥቂቱ ነው። ማስረጃ ሳይታይ ደሞዝ መቁረጥ ፍትሕም አይደለም፣ መኪናውንም አያድነውም፤ አራተኛውም ኩሽኔታ ይበላል።

ሹፌሮች ደግሞ በየጊዜው ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የትኛው ጎማ እንደሆነና የተሻገራችሁትን ውሃ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የአሮጌውን ኩሽኔታ ፎቶ እዚያው አስቀምጡ። ጭቅጭቅ ሲነሳ ያ ፎቶ ነው የሚከራከርላችሁ።

ገጠር መስመር የሚነዳ ሰው ካላችሁ ላኩለት።